ከመፍቻው አስቀድሞ ልክ፤ ስለ አሜሪካ ሞተር አዳሾች ጥበብ አመጣጥ

በአሜሪካ አገር የቆየ መኪናን ሞተር አውርዶ፥ ከፋብሪካ በወጣበት ጊዜ ከነበረው ኃይል የበለጠ ኃይል እንዲሰጥ አድርጎ የሚያድስ ባለሙያ፥ ደንበኛው ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ወረቀትና እርሳስ ነው። መኪናው በምን መንገድ ይሄዳል፥ ክብደቱ ስንት ነው፥ ካምቢዮው ምን ዓይነት ነው፥ የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ ስንት ለስንት ነው፥ በአካባቢው የሚሸጠው ቤንዚን እንዴት ያለ ነው፥ ባለቤቱ በሰንበት ከቤተሰቡ ጋር ሊንሸራሸርበት ነው ወይስ በሩብ ማይል የውድድር ጎዳና ሊፈትነው ነው እያለ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቡሎን እንኳ አይፈታም። ይህ ልማድ በአንድ ቀን የተደነገገ ሥርዓት አይደለም፤ በብዙ የተሰበረ ቢዬላና በብዙ የቀለጠ ፒስተን የተገዛ፥ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው በእጅና በቃል የተላለፈ ዕውቀት ነው። የእነዚህን መኪናዎች ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ምስጋናውን ለታላላቆቹ ፋብሪካዎችና ለስመ ጥር ዘዋሪዎች ይሰጣሉ፤ እኔ ግን ከምስጋናው ታላቁ ድርሻ፥ ፋብሪካው በግምት የተወውን ነገር በልክ ላረሙት፥ የሞተሩን ክፍሎች ሁሉ ለአንድ ዓላማ እንዲስማሙ ላደረጉት ለእነዚያ በየጋራዡ ተሠውረው ለኖሩ ባለሙያዎች ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የጥበባቸውንም አመጣጥ ከዚህ ቀጥዬ እተርካለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1932 ነው። በዚያ ዓመት፥ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተጨንቃ ሳለች፥ ሄንሪ ፎርድ ስምንት ሲሊንደሮች በቪ ቅርጽ የተሰለፉበትን ሞተር በአንድ ወጥ ብሎክ አስፈስሶ፥ ተራው ሕዝብ ሊገዛው በሚችል ዋጋ ለገበያ አቀረበ። የሞተሩ ይዞታ 221 ኩቢክ ኢንች፥ ማለት 3.6 ሊትር ያህል ሲሆን፥ ኃይሉ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረ። ዛሬ ይህ ቍጥር ለአንዲት ትንሽ የከተማ መኪና እንኳ የሚያንስ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን ለሠራተኛው ሰው እጅ ከዚህ በፊት ያልደረሰ ኃይል ነበረ። ሆኖም ሞተሩ ታላቅ ጸጋ እንደ ነበረው ሁሉ ታላቅ ጕድለትም ነበረው። ቫልቮቹ በቴስታታው ላይ ሳይሆኑ በብሎኩ ጎን ስለ ተተከሉ፥ የተቃጠለው ጭስ ወደ ውጭ ለመውጣት በብሎኩ ውስጥ፥ በማቀዝቀዣው ውሃ መካከል አልፎ መሄድ ነበረበት፤ በየጎኑም ያሉት ሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮች አንድ መውጫ ይጋሩ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፤ በብርቱ ሲነዳም ትንፋሽ ያጥረዋል። በኋላ የተነሡት ባለሙያዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት ከዚህ ጕድለት ነው።

ከሎስ አንጀለስ በስተ ሰሜን በሞሃቪ በረሃ ውስጥ በዚያ ዘመን ሙሮክ ይባል የነበረ ደረቅ ሐይቅ አለ። በዝናም ወራት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃውንም ነፋስ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ጭቃውን ይደለድለዋል፤ ፀሐይም ባደረቀው ጊዜ ለዓይን እስኪያታክት የተዘረጋ፥ ጕብታና ጐድጓድ የሌለው ሜዳ ይሆናል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ጐልማሶች በ1930ዎቹ ዓመታት ከአሮጌ ዕቃ መጣያ በርካሽ የገዟቸውን ፎርዶች እየነዱ ወደዚህ ሜዳ ይመጡ ነበር። ከደረሱም በኋላ ፓራፋንጎውን፥ መብራቱንና የፊት መስታወቱን አውልቀው መሬት ላይ ያኖራሉ፤ መኪናውም ክብደቱ በቀለለ ጊዜ በሜዳው ላይ ያስፈነጥሩታል፤ ሲመሽም የወለቀውን ሁሉ መልሰው ገጥመው፥ በማግሥቱ ወደ ሥራቸው የሚሄዱት በዚያው መኪና ነው። በ1937 ክበቦቻቸው ተሰብስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ የጊዜ መዝጋቢዎች ማኅበርን አቋቋሙ።

ከዚህ ማኅበር ሥራዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። ከዚያ በፊት የእኔ ይበልጣል፥ የእኔ ይበልጣል የሚለው ክርክር በምስክር ብዛትና በድምፅ ከፍታ ይወሰን ነበር። የተለካ ርቀትና የታመነ ሰዓት በመጣ ጊዜ ግን ክርክሩ ዝም አለ። አንድ ሰው ባለፈው ወር በሰዓት 105 ማይል ሄዶ፥ ካምሻፍቱን ለውጦ ዛሬ 103 ማይል ቢሄድ፥ የገዛው ዕቃ ቢያንጸባርቅም፥ ሻጩም ቢምልለት፥ ኃይሉ እንደ ቀነሰ ያውቃል። ከዚህም አንድ ጥልቅ ምሥጢር ተገለጠ፤ ይኸውም፥ ብቻውን መልካም የሆነ ዕቃ ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ ሞተሩን የሚጎዳ መሆኑ ነው። ብዙ አየር የሚስብ ካርቡራተር፥ አየሩን ለማስገባት ጊዜ የማይሰጥ ካምሻፍት ባለው ሞተር ላይ ቢገጠም ቤንዚን ማባከኛ ብቻ ይሆናል።

ከእነዚህ ሰዎች በፊት በ1920ዎቹ በዚያው በካሊፎርኒያ ኤድ ዊንፊልድ የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ፥ ካርቡራተርና ካምሻፍት እየሠራ ለውድድር መኪናዎች ያቀርብ ነበር፤ የኋለኞቹም ሁሉ እርሱን እንደ አባት ይቆጥሩታል። ከካንሳስ የመጣው ቪክ ኤደልብሮክ በ1938 ለፎርድ ሞተር ሁለት ካርቡራተር የሚሸከም፥ «ወንጭፍ» የተሰኘ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ሠራ፤ የራሱ የ1932 ፎርድም በ1941 በደረቅ ሐይቅ ላይ በሰዓት ከ120 ማይል በላይ ሄደ። ይህ ሰው ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር፥ ከጦርነቱ በኋላ የሞተር ኃይል መለኪያ መሣሪያ፥ ማለት ዳይናሞሜትር፥ በግል ሱቃቸው ካቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ መሆኑ ነው። ሐይቁ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚገኝ ፈታኝ ነበር፤ ዳይናሞሜትሩ ግን በየቀኑ፥ በጠባብ ክፍል ውስጥ፥ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ ለመመርመር አስቻለ።

ኤድ ኢስከንደርያን ደግሞ የአርመን ስደተኞች ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአየር ኃይል አገልግሎቱ ተመልሶ ለመኪናው ካምሻፍት ባዘዘ ጊዜ፥ ፈላጊ በዝቶ ወረፋው የወራት ሆነበት፤ እርሱም አሮጌ የሲሊንደር ሞረድ ማሽን ገዝቶ ካም እንዲሞርድ አድርጎ ለወጠውና የራሱን ሥራ ጀመረ። ካምሻፍት ማለት በላዩ ላይ የእንቍላል ቅርጽ ያላቸው ጕብታዎች የተሠሩበት ዘንግ ነው፤ እያንዳንዱ ጕብታ በዞረ ቍጥር አንዱን ቫልቭ ይከፍታል፥ ይዘጋማል። ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት፥ ምን ያህል እንደሚነሣ፥ ምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ የሚወስነው የጕብታው ቅርጽ ስለ ሆነ፥ የሞተሩ ጠባይ ሁሉ በዚህ ዘንግ ላይ ተጽፏል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የጕብታው ቅርጽ ቢለወጥ፥ በዝቅተኛ ዙር ገር የነበረው ሞተር ቆሞ ሳለ የሚንቀጠቀጥ፥ በከፍተኛ ዙር ግን የሚያገሣ ይሆናል። እንግዲህ ካም ሞራጁ ለደንበኛው የሚሸጥለት ብረት ብቻ አልነበረም፤ ምክርም ነበረ፤ ምክሩንም ለመስጠት መኪናው ለምን እንደሚያገለግል መጠየቅ ግድ ሆነበት። በመጀመሪያ የጠቀስኩት የጥያቄ ወረቀት ትውልዱ ከዚህ ነው።

ጦርነቱ ራሱ ለዚህ ጥበብ ሁለት ነገር አበረከተ። አንደኛው ሰው ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር በጥብቅ ልክ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ እጅግ ብዙ ጐልማሶች ማይክሮሜትር ማንበብ ተምረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው መመርመሪያ ነው፤ ብረቱን ማግኔት አድርጎ ደቃቅ የብረት ዱቄት በመንዛት ዓይን የማያየውን ስንጥቅ የሚገልጠው ዘዴ፥ ከአውሮፕላን ጥገና ወደ መኪና ሞተር አደሳ ገባ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ማናቸውም አስተዋይ ባለሙያ በአሮጌ ክራንክ ሻፍትና ቢዬላ ላይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን ምርመራ ያስደርጋል። በ1948 ለፍጥነት በተሻሻሉ መኪናዎች ስም «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ፤ በአንዲት ሠፈር የተገኘ ብልሃትም በጥቂት ወራት ውስጥ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ ይሰማ ጀመር።

የፋብሪካዎቹ ሊቃውንት ይህን ሁሉ ከሩቅ ይመለከቱት ነበር፤ ቀርቦ ያስተዋለው ግን አንድ መጻተኛ ነው። ዞራ አርከስ ዳንቶቭ በ1909 በብራስልስ ከሩሲያውያን ወላጆች ተወልዶ፥ ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ ኒው ዮርክ ከመጣ በኋላ፥ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ለዚያ ለሚግለው የፎርድ ሞተር ቫልቮቹ በላይ የሆኑበት የአሉሚኒየም ቴስታታ ሠርቶ ነበር። በ1953 በጄኔራል ሞተርስ ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለአለቆቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። የማስታወሻው ፍሬ ነገር፥ ወጣቶቹ ሁሉ ፎርድን ይዘው አድገዋል፥ መጽሔቶቻቸውም ስለ ፎርድ ይሰብካሉ፥ እነዚህ ወጣቶች ነገ መኪና ገዢዎች ናቸው፤ ስለዚህ የድርጅቱ ክፍል ሼቭሮሌት ልባቸውን መሳብ ከፈለገ የተመረመሩ የኃይል መለዋወጫዎችን፥ ካምሻፍትን፥ ቫልቭን፥ ሞላን፥ ማኒፎልድንና ፒስተንን አዘጋጅቶ ይስጣቸው የሚል ነው። ከብዙ የድርጅት ደብዳቤዎች መካከል እንዲህ የወደፊቱን አጥርቶ ያየ ጽሑፍ ብዙ አላውቅም።

ዳንቶቭ ይህን ሲጽፍ በኤድ ኮል የሚመሩት የሼቭሮሌት መሐንዲሶች አዲስ ሞተር በማዘጋጀት ላይ ነበሩ። ሞተሩ በ1955 ወጣ፤ ይዞታው 265 ኩቢክ ኢንች፥ ማለት 4.3 ሊትር ነው። ግድግዳው ስስ ሆኖ ስለ ፈሰሰ ከድርጅቱ የስድስት ሲሊንደር ሞተር እንኳ ይቀል ነበር፤ የግራው ቴስታታ በቀኝ፥ የቀኙም በግራ ይገጠማል፤ ቫልቭ የሚገፉት ክንዶች ከባድና ውድ በሆነ የጋራ ዘንግ ላይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቡሎን ላይ ተቀመጡ። ይህ ሁሉ የታሰበው ለርካሽነት ነው፤ ነገር ግን ቀላል የሆነ የቫልቭ አሠራር ፈጥኖ ለመዞር የሚመች ስለ ሆነ፥ ለርካሽነት የታሰበው ለፍጥነት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የጦርነቱ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረው፥ በዴይቶና ቢች ጋራዥ የከፈተው ስሞኪ ዩኒክ ባዘጋጀው ሼቭሮሌት ኸርብ ቶማስ በዳርሊንግተን የ500 ማይል ውድድር አሸነፈ። በ1957 ሞተሩ ወደ 283 ኩቢክ ኢንች አድጎ፥ ነዳጅ በሚረጭ መሣሪያ 283 የፈረስ ጉልበት ሰጠ።

እዚህ ላይ የጥበቡ ሁሉ እምብርት ወደ ሆነው፥ አሜሪካውያን «ብሉፕሪንቲንግ» ወደሚሉት ሥራ እንደርሳለን። ማናቸውም ፋብሪካ አንድን ክፍል ሲሠራ በንድፉ ላይ አንድ ልክ ይጽፋል፤ ከልኩም ምን ያህል ቢያልፍ ወይም ቢጎድል እንደሚታገሥ አብሮ ይጽፋል። በቀን በሺህ የሚቆጠር ሞተር ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ ትዕግሥት ግድ ነው። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሞተሮች፥ አንዱ ልኮቹ ሁሉ በአጋጣሚ ወደ መልካሙ ያዘነበሉለት፥ ሁለተኛው ልኮቹ እርስ በርሳቸው የተጣሉበት ሊሆኑ ይችላሉ። የሆት ሮድ ማኅበሩ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ለሚወዳደሩ መኪናዎች ክፍል በከፈተ ጊዜ፥ ልዩ ዕቃ መግጠም ስለ ተከለከለ፥ ባለሙያዎቹ ኃይል የሚፈልጉበት ቦታ ይኸው የትዕግሥት ክፍተት ብቻ ሆነ። ሞተሩን ፈትተው እያንዳንዱን ክፍል ንድፉ ወደሚያዘው ልክ፥ ሕጉም በፈቀደው መጠን ወደ መልካሙ ጠርዝ ማምጣት ጀመሩ፤ ይህንም ያደረገ ሰው አንዲት የተከለከለ ዕቃ ሳይነካ ባልንጀራውን ጥሎት ይሄዳል።

ከዚህ ሥራ አንዱን ክፍል ቀርበን እንመልከት። ቴስታታው ተገልብጦ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቫልቮቹ ተዘግተው ሻማው፥ ማለት ካንዴላው፥ በቦታው ይጠብቃል። በማቃጠያው ጕድጓድ አፍ ዙሪያ ጥቂት ግራሶ ይቀባና መካከሉ የተበሳ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ መስታወት ይለጠፍበታል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ምልክት ከተጻፈበት የብርጭቆ ቱቦ ቀለም የገባበት ፈሳሽ በቀዳዳው ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ የመጨረሻዋ የአየር አረፋ ወጥታ ጕድጓዱ ጢም ባለ ጊዜ ከቱቦው ስንት ሚሊ ሊትር እንደ ጎደለ ያነባል፥ ይጽፋልም፤ እንዲሁ እያለ ስምንቱንም ይለካል። ከፋብሪካ በወጣ ቴስታታ ላይ አንዱ ጕድጓድ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሊትር ሲበልጥ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ይህም ማለት አንዱ ሲሊንደር ከጐረቤቱ የበለጠ ይጨምቃል ማለት ነው። ባለሙያው ታናናሾቹን በጥቂቱ እየሞረደ ከታላቁ ጋር ያስተካክላቸዋል። ሥራው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ማንም ሰው የመኪናውን ክዳን ከፍቶ ቢያይ ግን የዚህን ድካም ምልክት አያገኝም።

የሲሊንደሩም ልክ እንዲሁ ነው። ቴስታታው በቡሎን በተጠበቀ ጊዜ የቡሎኖቹ ኃይል የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥቂቱ ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ብሎኩ ራቁቱን ሳለ ፍጹም ክብ ሆኖ የተሞረደ ሲሊንደር፥ ሞተሩ ሲገጠም ክብነቱን ያጣል፥ የፒስተኑ ፋሻም ጭስ ያሳልፋል። ባለሙያዎቹ ይህን በተረዱ ጊዜ በቴስታታው ፈንታ ወፍራም የብረት ሰሌዳ በቡሎን አጥብቀው፥ ግድግዳው ተጣሞ ሳለ ማስተካከልን ለመዱ።

ከእነዚህ የልክ ሰዎች መካከል ቢል ጄንኪንስ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይህ የፔንሲልቬንያ ሰው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና የተማረ ሲሆን፥ ፈገግታ ስለማያበዛ «ነጭናጫው» ይሉት ነበር። በ1970 በካሊፎርኒያ በፖሞና በተደረገው፥ ፕሮ ስቶክ በተባለው የሩብ ማይል ውድድር ክፍል የመጀመሪያ ግጥሚያ አሸነፈ፤ በ1972 ደግሞ በትንሿ ቬጋ መኪና ውስጥ በ1955 ከወጣው ሞተር ወገን የሆነውን፥ «ትንሹ» የሚባለውን የሼቭሮሌት ሞተር አግብቶ፥ ይዞታቸው እጅግ የሚበልጠውን፥ ሄሚ የተባሉትን የክራይስለር ሞተሮች ድል ነሣ።

«ማስል ካር» የሚባሉት፥ በመካከለኛ ቦዲ ላይ ታላቅ ሞተር የተጫነባቸው መኪናዎች ዘመን፥ በብዙዎች አሳብ በ1964 ይጀምራል። ጄኔራል ሞተርስ በ1963 መጀመሪያ ከውድድር መውጣቱን ከወሰነ በኋላ፥ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ በፖንቲያክ ክፍል 389 ኩቢክ ኢንቹን ሞተር፥ በደንበኛ ምርጫ የሚጨመር ዕቃ ነው በሚል ስም በቴምፔስት መኪና ላይ ገጠሙት፤ ጂ ቲ ኦም አሉት፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። በዚያው በ1964 በየካቲት የክራይስለር 426 ኩቢክ ኢንች ሄሚ በዴይቶና ወጣ፤ ሪቻርድ ፔቲም በፕሊመዝ መኪናው በአማካይ በሰዓት 154 ማይል ሄዶ አሸነፈ። በ1966 ይኸው ሞተር 425 የፈረስ ጉልበት ተጽፎበት በመደብር ተሸጠ፤ በ1970 ደግሞ ሼቭሮሌት 454 ኩቢክ ኢንቹን 450 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ አወጣ። እነዚህን ቍጥሮች ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋልና አላበዛባቸውም። ሊባል የሚገባው፥ ፋብሪካዎቹ ብርቱውን ሞተር የገጠሙት በዚያው ለተራው መኪና በሚውለው ችኮላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም በልክ የታደሰ ተራ ሞተር በችኮላ የተገጠመውን ታላቅ ሞተር የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ዘመኑ ፈጥኖ አለፈ። የኢንሹራንስ ድርጅቶች በወጣት ዘዋሪዎች ላይ ዋጋቸውን አከበዱ፤ በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ጭሱን ገደበ፤ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሊድ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ የሞተሮቹን የመጭመቅ መጠን ዝቅ አደረገ፤ የክራይስለር ሄሚ በዚያው ዓመት ቀረ፤ በ1973 መጸው የዐረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ የተረፈውም ተፈጸመ። በ1970 የኮርቬት መደበኛ ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት ይጻፍበት ነበር፤ በ1975 ግን 165 ብቻ። እርግጥ፥ ከልዩነቱ ከፊሉ ከ1972 ጀምሮ ኃይሉ የሚለካው ሞተሩ ማራገቢያውንና ማርሚታውን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ ስለ ሆነ ነው፤ ቢሆንም ውድቀቱ እውነተኛ ነበረ።

ፋብሪካው በደከመ ጊዜ አዳሹ በረታ። ሼቭሮሌት በ1970 የትንሹን ሞተር ወገን እስከ 400 ኩቢክ ኢንች አሳድጎት ነበር፤ ሞተሩ ለከባድ መኪናዎች የታሰበ፥ ሲሊንደሮቹ የተጣበቁ፥ ቴስታታውም በሙቀት የሚሰነጠቅ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ይንቀው ነበር። ክራንክ ሻፍቱ ግን ፒስተኑን 3.75 ኢንች ያስኬዳል፤ የታወቀው 350 ሞተር የሚያስኬደው 3.48 ኢንች ነው። ባለሙያዎቹ የተናቀውን ክራንክ ሻፍት ከአሮጌ ብረት ክምር እያወጡ፥ በብሎኩ የሚያርፉበትን አንገቶች ከ2.65 ወደ 2.45 ኢንች በቶርኖ ቤት አስሞረዱ፤ በ350 ብሎክ ውስጥ አስቀመጡት፤ ሲሊንደሩንም በሠላሳ ሺኛ ኢንች፥ ማለት በ0.76 ሚሊ ሜትር አስፍተው 383 ኩቢክ ኢንች አገኙ። ነገር ግን የ400ው ክራንክ ሻፍት ሚዛኑን የሚያገኘው ከፊትና ከኋላ በሚንጠለጠል ክብደት ነው፤ ይህን ሳያስብ የ350ውን የፊትና የኋላ ሚዛን የገጠመ ሰው ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ብሮንዚናውን ይበላበታል። የቢዬላዎቹም ቡሎኖች በብሎኩ ግርጌና በካምሻፍቱ ላይ እንዳይነኩ ቦታ ይሞረድላቸዋል። ይህ 383 ከማናቸውም ፋብሪካ የኃይል መዝገብ ሳይሆን ከአዳሾች ጠረጴዛ የተወለደ ልጅ ነው፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ታላቅ ምስክር እርሱ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያቅድ ሰው፥ ብራናው ላይ ቀለም ከማፍሰሱ በፊት በወስፌ መስመሩን እንደሚያሰምር ቁም ጸሐፊ፥ ሥራውን ሁሉ አስቀድሞ በልቡ ፈጽሞ መጀመር አለበት። በመጀመሪያ የሚወሰነው የመጭመቅ መጠን ነው። ለምሳሌ 350ው ሞተር የራሱን ክራንክ ሻፍት ይዞ በሠላሳ ሺኛ ኢንች ከሰፋ በኋላ አንዱ ሲሊንደር 727 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የቴስታታው ጕድጓድ 64 ሚሊ ሊትር፥ የጓርኒሲዮኑ፥ የፒስተኑ አናትና ከበላዩ የሚቀረው ክፍተት በአንድነት 19 ሚሊ ሊትር ቢሆን፥ መጠኑ 9.8 ለአንድ ያህል ይመጣል፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ በ1970ዎቹ የተለመደው ባለ 76 ሚሊ ሊትር ቴስታታ ቢገጠም ግን 8.7 ለአንድ ያህል ይሆናል። አንዳንድ የ1960ዎቹ ብርቱ ሞተሮች ከ11 ለአንድ በላይ ይጨምቁ የነበረው ሊድ ያለበት ጠንካራ ቤንዚን ስለ ነበረ ነው፤ ሊድ ያለበት ቤንዚን በአሜሪካ ከ1996 መጀመሪያ አንሥቶ ለመንገድ መኪና ፈጽሞ ተከልክሏል። ሊዱ የቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ስለ ነበረ፥ አሮጌውን ቴስታታ የሚያድስ ሰው የጠነከረ መቀመጫ ያስገባለታል።

ከዚያ በኋላ ካምሻፍቱ ይመረጣል፤ ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ረጅም ጊዜ ክፍት የሚያቆየውን ካም ድምፁን ወድደው ይገዙታል፤ አየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ በዝቅተኛ ዙር የገባው አየር ተመልሶ ይወጣል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ይለግማል፤ ፍሬኑን የሚያግዘውም የአየር ስበት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ካም ዙሩ ከፍ ብሎ የሚነሣ ካምቢዮና ጥርሱ የበዛ ዲፈረንሻል ይፈልጋል፤ እነዚያን ያላሰበ ሰው ከአሮጌው ሞተሩ የሚዘገይ መኪና ይነዳል። ስለዚህ መልካም ባለሙያ ካሙን ከመምረጡ በፊት ጎማውን ይመለከታል።

በዘመናችን ደግሞ አባቶቹ የማያውቁት አንድ ፈተና ተጨምሯል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመኪናው መለያ ቍጥር በከፊል በሞተሩ ብሎክ ላይ ይቀረጽ ነበር፤ የመኪናውና የሞተሩ ቍጥር ከተስማማ ዋጋው እጅግ ይጨምራል። በሼቭሮሌት ትንሽ ሞተር ላይ ይህ ቍጥር የተቀረጸው በቀኝ በኩል ከፊት፥ ቴስታታው ከሚያርፍበት ገጽ ጋር በአንድ ደረጃ ባለ ጠባብ ቦታ ነው። ብሉፕሪንቲንግ ግን የብሎኩ ገጽ ከክራንክ ሻፍቱ እስከ ላይ 9.025 ኢንች ሆኖ ከዳር እስከ ዳር እንዲስተካከል ያዝዛል፤ ገጹን የሚያስተካክለው ማሽንም ቍጥሩን ከነፋብሪካው ምልክት ጠርጎ ይወስደዋል። የሞተሩ ልክና የሞተሩ ታሪክ እዚህ ላይ ይጋጫሉ። እኔ ብጠየቅ፥ ቍጥሩ የተስማማለትን ብሎክ ሳይነኩ በዘይት ጠብቀው ያኑሩት፥ ኃይሉን ለሚፈልጉለት ሥራ ደግሞ ቍጥር የሌለው ሌላ ብሎክ ይግዙ እላለሁ፤ የተቀረጸ ምልክት አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው ጥበብ የለምና። አስፍቶ ማረምም ገደብ አለው፤ ስሱን ግድግዳ ከሠላሳ ሺኛ አልፎ ወደ ስድሳ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ውፍረቱን በድምፅ ሞገድ ያስለካ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ፥ ካሙ የሚንሸራተት እንጂ የሚንከባለል ገፊ የሌለው የድሮ ዓይነት ከሆነ፥ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ከወራት ድካም ይልቅ አስፈሪ ናት። ጭስ ማጣሪያዎችን ለመጠበቅ ሲባል የዘመኑ የሞተር ዘይት የዚንክና የፎስፎረስ ድርሻው ስለ ተቀነሰ፥ እነዚህ ያልተጨመሩበት ዘይት አዲሱን የካም ጕብታ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስበላው ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ተመርጦ ይሞላል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም የዘይት ፓምፑ በመሰርሰሪያ እየተነዳ ዘይቱ እስከ ላይኞቹ ክንዶች ይደርሳል፤ በተነሣም ጊዜ ቆሞ እንዲያጕረመርም ሳይተዉት ወዲያው ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርገው፥ ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረጉ፥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሠሩታል። ከዚያም ይጠፋል፤ ዘይቱ ይቀዳል፤ ማጣሪያው ተቈርጦ ወረቀቱ ይዘረጋና በብርሃን ይመረመራል። ወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት ከተገኘ፥ ሞተሩ ዳግመኛ ይወርዳል፤ ባለሙያውም የልክ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ማንበብ ይጀምራል።